ጥር ሲገባ ከመዝገብ የሚጠፉ ብድሮች፦ ኤክሴል የውል ቁጥርን ቀን ሲያደርግ

ኤክሴል «5/16» ብለው ሲጽፉለት «16-ሜይ» ብሎ እንደሚመልስ ቢሮ ውስጥ የሠራ ሁሉ ያውቃል። አብዛኛው ሰው ተበሳጭቶ ያልፈዋል። እዚህ የማቀርበው ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የሠራተኞች የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ያጋጠመውን ጉዳይ ነው። ይህችው ትንሽ ጠባይ በየወሩ የከፈሉ ሰዎችን ባለውዝፍ አድርጋ፣ ዋሶቻቸው ድረስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አስጽፋለች። እንድመዘግበው ያደረገኝ ስሕተቱ የተደበቀበት መንገድ ነው፤ ግማሽ ዓመት ያለ እንከን ሠርቶ ጥር ሲገባ ይሰበራል። ማኅበሩን፣ ፋብሪካውንም ሆነ ሰዎቹን በስም አልጠራም።

## ዳራ

ማኅበሩን ያቋቋሙት የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። አባላቱ በየወሩ ከደመወዛቸው ይቆጥባሉ፣ ሲቸግራቸው ይበደራሉ፤ የብድሩ ተመላሽም ከደመወዝ ይቆረጣል። ቅጥር ሠራተኞቹ ሁለት ናቸው፤ አንዲት ሒሳብ ሠራተኛና አንድ ገንዘብ ያዥ። ከበላያቸው የሥራ አመራር ኮሚቴና የቁጥጥር ኮሚቴ አለ። የኮሚቴ አባላቱ በፈረቃ የሚሠሩ ስለሆኑ ወደ ቢሮው ብቅ የሚሉት ከፈረቃ ሲወጡ ነው።

የብድር ውል ቁጥሩ አሰጣጥ በየቢሮው የለመድነው ነው፦ ተራ ቁጥር፣ እዝባር፣ ዓመት። የ2016 በጀት ዓመት አምስተኛው ብድር «5/16» ይባላል። ሐምሌ 1 ቀን ቆጠራው እንደገና ከ1 ይነሣል።

የፋብሪካው ደመወዝ ክፍል በየወሩ የተቆረጠውን ዝርዝር ከደመወዝ ሶፍትዌሩ አውጥቶ በሲኤስቪ ፋይል፣ ማለትም ዓምዶቹ በነጠላ ሰረዝ በተለያዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል፣ ይልካል። ፋይሉ የውል ቁጥር፣ ስም፣ የተቆረጠውን ብርና የተቆረጠበትን ቀን ይይዛል። ኢንተርኔት ሲኖር በቴሌግራም፣ ሲጠፋ በፍላሽ ይመጣል። የአንዱ ወር ዝርዝር የሚደርሰው የሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ላይ ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ አድርጋ በኤክሴል ትከፍተዋለች። ዋናው የብድር መዝገብ ላይ ያለው የቪሉክአፕ ቀመር ደግሞ የውል ቁጥሩን ፈልጎ የተቆረጠውን ብር ከተበዳሪው ስም ፊት ለፊት ያስቀምጣል።

ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው ኤክሴል 2016 ነው። የዊንዶውሱ የቀን አጻጻፍ ሲገዛ እንደነበረ የአሜሪካ ነው፤ ወር ይቀድማል፣ ቀን ይከተላል። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ማንም ልብ ብሎ አያውቅም፤ የጉዳዩ ቁልፍ ግን እሷ ናት።

## ችግሩ እንዴት ታየ

መጋቢት 2016 ላይ ማኅበሩ በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ሦስት ወር ላልከፈሉ ተበዳሪዎች ማስጠንቀቂያ ጻፈ። ግልባጩ ለዋሶቻቸው ደረሰ። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ዋስ የሚሆነው ባልደረባ፣ ጎረቤት፣ ብዙ ጊዜም የጽዋ ወይም የእድር ጓደኛ ነው። «ተበዳሪዎ ስላልከፈሉ ከእርስዎ ደመወዝ እንዳንቆርጥ» የሚል ወረቀት የደረሰው ዋስ ምን እንደሚሰማው መግለጽ አያስፈልግም።

መጀመሪያ የመጡት ጡረታቸው የተቃረበ አንድ አባት ነበሩ። የታኅሣሥን፣ የጥርንና የየካቲትን የደመወዝ ስሊፕ ይዘዋል። «ልጄ፣ ይኸው ተቆርጧል። ገንዘቤ የት ገብቶ ነው ዋሴ ሰላምታ የሚነሣኝ?» አሏት።

«አብሽሩ አባባ፣ አሁን እናየዋለን» ብላ መዝገቡን ከፈተች። ስሊፑ ላይ ሦስቱም ወር ተቆርጧል፤ መዝገቡ ላይ ሦስቱም ወር የለም። ከእሳቸው ኋላ ሌሎችም ተከታትለው መጡ።

ሰብሳቢው መጀመሪያ የጠረጠሩት ደመወዝ ክፍሉን ነው፤ ቆርጦ ሳያስተላልፍ ቀርቶ ይሆናል በሚል። ይህ ጥርጣሬ ግን ቶሎ ወደቀ። ማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ውስጥ የገባው ገንዘብ ከደመወዝ ክፍሉ ዝርዝር ድምር ጋር እስከ ሳንቲሟ ይገጥማል። ገንዘቡ አለ፤ የጠፋው ባለቤቱ ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ ቀመሩ ያላገኘውን ብር በሙሉ «ባለቤቱ ያልታወቀ ተቀናሽ» በሚል ሒሳብ ላይ አስቀምጣው ነበር፤ እሱም ከታኅሣሥ ዝርዝር ጀምሮ በየወሩ እኩል መጠን እየጨመረ ሄዷል። በየወሩ እኩል የሚጨምር ያልታወቀ ገንዘብ በአጋጣሚ አይመጣም።

እኔ መቀመጫዬ ደሴ ሆኖ ለማኅበራትና ለትንንሽ ድርጅቶች የሒሳብ አያያዝ ድጋፍ እሰጣለሁ። ወደ ኮምቦልቻ የወረድኩት ነገሩ እዚህ ደረጃ ከደረሰ በኋላ ነው።

## የስሕተቱ ቅርጽ

ኮምፒውተሩን ከመንካታችን በፊት ደብዳቤ የተጻፈላቸውን ሰዎች የውል ቁጥር በወረቀት ላይ በተራ አስቀመጥን። 1/16፣ 2/16፣ 3/16 እያለ እስከ 12/16 ይሄዳል። ከ2015 ያላለቁ ብድሮችም አሉበት፤ 3/15፣ 7/15፣ 11/15። 13/16 የለም። 14/16 የለም። ከዚያ በላይ ያለ አንድም ቁጥር የለም።

ከ1 እስከ 12 ብቻ የሚሄድ ነገር ሲታይ ወር ትዝ ይላል። የውል ቁጥሩ ዓምድ ላይ ያሉትን ሴሎች አንድ በአንድ ጠቅ እያደረግን ከላይ የቀመር ሳጥኑን አነበብን። ዋናው መዝገብ ላይ «16-ሜይ» የሚታየው ሴል ውስጡ 5/16/2023 ነው። የየካቲቱ ዝርዝር ላይም «16-ሜይ» የሚል አለ፤ ውስጡ ግን 5/16/2024 ነው። ለዓይን አንድ ናቸው፤ ሁለቱን ሴሎች በእኩልነት ምልክት ስናነጻጽራቸው ኤክሴል «ሐሰት» አለ።

ሠራተኞቹ እንደ «16-ሜይ» ያለውን ለዓመታት ሲያዩት ኖረዋል። ሜይ አምስተኛ ወር ስለሆነ «5/16 ማለት ነው» ብለው በልባቸው መልሰው ያነቡታል። ሰው ማንበብ ከቻለ ስሕተት መሆኑ ይረሳል።

## ኮምፒውተሩ ውስጥ የሆነው

ኤክሴል ቀንን የሚያስቀምጠው በተራ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1900ን 1 ብሎ ይጀምርና ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ይጨምራል። «5/16» ሲጻፍለት በአሜሪካው አጻጻፍ «አምስተኛ ወር፣ አሥራ ስድስተኛ ቀን» ብሎ ይወስደዋል። ዓመቱ ስላልተነገረው ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ዓመት ከራሱ ይጨምርበታል። ውሉ የተመዘገበው ሐምሌ 2015 ላይ ነው፤ ያ ለኮምፒውተሩ 2023 ነው። ስለዚህ ሴሉ ውስጥ የገባው 45062 ነው፤ ሜይ 16 ቀን 2023 ማለት ነው። «13/16» ግን አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሌለ እንደተጻፈ ይቀራል። ጳጉሜን ኤክሴል ዘንድ አትታወቅም።

የሲኤስቪ ፋይል ሁለቴ ጠቅ ተደርጎ ሲከፈትም በእጅ የተጻፈ ያህል ይኸው ይደረግበታል። ፋይሉ ውስጥ ያለው ንጹሕ «5/16» ነው፤ ቀን የሚሆነው ሲከፈት ነው፤ ዓመቱም የተከፈተበት ዓመት ይሆናል።

አሁን ወራቱን እንከተል። ከሐምሌ እስከ ኅዳር ያሉት ዝርዝሮች የተከፈቱት በ2023 ውስጥ ነው። መዝገቡም 45062፣ ዝርዝሩም 45062። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ የተሳሳቱት ግን እኩል ስለሆነ ቪሉክአፕ ያገናኛቸዋል። ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ላይ ዋለ። የታኅሣሥ ዝርዝር ጥር መጀመሪያ ላይ ሲከፈት «5/16» ሜይ 16 ቀን 2024 ሆነ፤ 45428። ልዩነቱ 366 ቀን ነው፤ ቀመሩም «አላገኘሁም» አለ። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥና ጥር መካከል ምንም ስላልተለወጠ ማንም አዲስ ዓመት ገብቷል ብሎ አላሰበም። ማኅበሩ አዲስ ዓመቱን የሚያውቀው መስከረም ላይ፣ አዲስ በጀት ዓመቱን ሐምሌ ላይ ነው።

ከ2015 የቀሩት ብድሮች ሌላ ነገር ገለጡ። «3/15» የተመዘገበው ሐምሌ 2014 ላይ ስለሆነ ሴሉ ውስጥ 2022 መገኘት ነበረበት። የተገኘው 2023 ነው። አንድ ሰው ጥር 2015 አካባቢ እንደገና ጽፎታል ማለት ነው። ሥራ ለቅቆ ደሴ የገባውን የቀድሞውን ሒሳብ ሠራተኛ በስልክ ጠየቅነው። «ጥር ላይ ሁሌም ይጠፋሉ። ቁጥሩን ደግሜ ስጽፈው ይመለሳል። ለምን እንደሆነ ግን ገብቶኝ አያውቅም» አለን።

እውነቱን ነው፤ ደግሞ ሲጻፍ አዲሱን ዓመት ስለሚይዝ እስከሚቀጥለው ጃንዋሪ ይሠራል። ይህ ብልሃት ግን ርክክቡ ላይ አልተጻፈም። አዲሷ ሠራተኛ የተረከበችው ቁልፍ፣ ማኅተምና ክላሰር ነው።

## የተሞከረውና ያልሠራው

እኔ ከመድረሴ በፊት ሒሳብ ሠራተኛዋ ዓምዱን መርጣ ቅርጹን «ቴክስት» አድርጋው ነበር። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይኸንኑ ነው። ውጤቱ አስደነገጣት፤ «16-ሜይ» ይሉ የነበሩት ሴሎች 45062 እና መሰል ቁጥሮች ሆኑ። ቴክስት የሚለው ቅርጽ የሚከላከለው ከመጻፉ በፊት ሲሰጥ ነው። ከተጻፈ በኋላ የመጀመሪያው «5/16» ሴሉ ውስጥ ስለሌለ የሚመልሰው ነገር የለም፤ የቀረውን ቁጥር ብቻ ያሳያል። እሷ ግን «ፋይሉ ተበላሸ» ብላ ቶሎ ወደነበረበት መለሰችው። ጥሩ አደረገች።

ዋናው መዝገብ ላይ ከቁጥሩ ፊት ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ አስገብቶ መጻፍም ተሞክሯል። ምልክቱ ሴሉ ላይ አይታይም፣ ቁጥሩም እንደተጻፈ ይቆያል። አንድ ወገን ብቻ ሲስተካከል ግን ነገሩ ይብሳል። መዝገቡ ጽሑፍ ሆኖ ከደመወዝ ክፍል የሚመጣው ቀን ሆኖ ሲቀጥል፣ ጥርን ሳይጠብቅ ዓመቱን ሙሉ አይገናኝም።

ከኮሚቴው አንዱ «አዲሱ ኤክሴል ይህን የሚያጠፋ ማስተካከያ አለው» ብሎ ሰምቶ ነበር። አለ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2023 ራስ-ሰር ለውጦችን ማጥፊያ አማራጮች ለቋል፤ «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ዳታ» የሚለው ገጽ ላይ ይገኛሉ። ቁጥር ፊት ያለን ዜሮ እንዳይጥል፣ ረጅም ቁጥርን እንዳያሳጥር፣ ተያይዘው የተጻፉ ፊደልና ቁጥሮችን ቀን እንዳያደርግ ማዘዝ ይቻላል። የማኅበሩ ኤክሴል 2016 ይህ የለውም። ላፕቶፔ ላይ ባለው አዲሱ ስንሞክረውም «5/16» ያው ቀን ሆነ። የቀኑ አማራጭ የሚመለከተው እንደ «ጃን1» ያሉትን፣ በመካከላቸው ምልክት የሌለባቸውን ነው፤ እዝባርና ሰረዝ ያለባቸው ቁጥሮች ከዚያ ውጪ ናቸው። ለዚህ ተብሎ አዲስ ሶፍትዌር ለመግዛት የተያዘው ሐሳብ እዚያው ቀረ።

አንድ ተጨማሪ ጉዳት አገኘን። የጥርና የየካቲት ፋይሎች ከተከፈቱ በኋላ «ሴቭ» ተደርገዋል። የሲኤስቪ ፋይል ሲቀመጥ የሚይዘው ሴሉ ላይ የሚታየውን ነው። ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ «5/16» የነበረበት ቦታ አሁን «16-ሜይ» የሚል ጽሑፍ ሆኗል። ዋናው ማስረጃ በገዛ እጃችን ተፍቋል ማለት ነው። ደመወዝ ክፍሉ ሁለቱንም እንደገና ስላወጣልን ተረፍን፤ ባያወጣልን ኖሮ በስምና በብር መጠን እያመሳከሩ በእጅ መለየት ነበረብን።

## የሠራው

መጀመሪያ የተበላሸውን መልሶ ማግኘት ነበር። እዚህ ላይ ዕድል ቀንቶናል። ዓመቶቹ 15 እና 16 ስለሆኑ የቀኑ ቦታ ላይ የተቀመጠው ሁልጊዜ የውሉ ዓመት ነው፣ የወሩ ቦታ ላይ ያለው ደግሞ ተራ ቁጥሩ። ከጎን ባዶ ዓምድ ከፍተን፣ ሴሉ ቁጥር ከሆነ ወሩንና ቀኑን አውጥቶ በመካከላቸው እዝባር እንዲያስገባ፣ ጽሑፍ ከሆነ እንዳለ እንዲገለብጠው ቀመር ጻፍን። ውጤቱን እንደ ዋጋ ብቻ ለጥፈን ዓምዱን ቴክስት አደረግነው። ከዚያ ገንዘብ ያዡ ክላሰሩን ይዞ የተፈረሙትን ውሎች ቁጥር አንድ በአንድ ሲያነብ፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ በስክሪኑ ላይ ምልክት አደረገች። ሁሉም ገጠመ። ዓመቱ 12 ወይም ከዚያ በታች ቢሆን ኖሮ በዚህ ቀመር አልተማመንም ነበር፤ ሁለቱም አኃዞች ወር ሊሆኑ ሲችሉ፣ መዝገቡ በሌላ የቀን አጻጻፍ ተጽፎ ከሆነ የቱ የቱ እንደሆነ የሚለይበት መንገድ የለም።

ሁለተኛው የሚመጣውን ፋይል አከፋፈት መቀየር ነው። ኤክሴል 2016 ላይ «ዳታ» ከሚለው ሪባን «ፍሮም ቴክስት» ሲመረጥ ፋይሉን ደረጃ በደረጃ የሚያስገባ መስኮት ይመጣል። በሦስተኛው ደረጃ እያንዳንዱን ዓምድ እየመረጡ «ቴክስት» ማለት ይቻላል። የውል ቁጥሩና የቀኑ ዓምድ ቴክስት ሲባሉ እንደተላኩ ይገባሉ። በአዲሶቹ ኤክሴሎች ይህ ሥራ በሌላ መስኮት ይሠራል፤ እዚያ «የዳታ ዓይነት አትለይ» የሚለውን መምረጥ ነው።

ችግሩ ሰው ነው። ሁለቴ ጠቅ ማድረግ የእጅ ልማድ ስለሆነ በጥድፊያ ቀን ማንም መስኮቱን አያስታውስም። ስለዚህ ደመወዝ ክፍሉን ፋይሉ ሲላክ የስሙን መጨረሻ ከሲኤስቪ ወደ ቲኤክስቲ እንዲቀይሩልን ለመንናቸው። ይዘቱ አይለወጥም። ሁለቴ ጠቅ ሲደረግ ግን በኖትፓድ ይከፈታል፤ ከኤክሴል ውስጥ ሆነው ሲከፍቱት ደግሞ ያው ደረጃ በደረጃ የሚያስገባው መስኮት ራሱ ይመጣል። የተሳሳተውን መንገድ መዝጋት ትክክለኛውን ከማስተማር ይቀልላል።

ሊብረኦፊስን ለመጫንም አስበን ነበር፤ ነጻ ነው፣ የሲኤስቪ ፋይል ሲከፈትም ሁልጊዜ ዓምዶቹን ያስመርጣል። የቋንቋ ማስተካከያው ውስጥ እንደ ቀን የሚቀበላቸው ቅርጾች ዝርዝር ስላለ፣ «ወር/ቀን» የሚለውን ከዚያ መሰረዝ ይቻላል፤ ያኔ «5/16» ቀን አይሆንም። ለዚህ ሥራ ከኤክሴል ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ሠራተኞቹ ግን ለአንድ ዓምድ ሲባል ሙሉ ፕሮግራም መቀየሩን አልወደዱትም፤ አልገፋሁበትም።

## ቁጥሩን ራሱን መቀየር

ከላይ ያሉት ሁሉ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። ጥንቃቄ የማይጠይቀው የውል ቁጥሩን ቀን በማይመስል ቅርጽ መስጠት ነው። ሰብሳቢው እዝባሩን በሰረዝ እንለውጠው አሉ፤ «5-16» ሞክረን ያው ቀን ሆነ። ገንዘብ ያዡ ነጥብ ይሁን አለ፤ «5.16» ቀን አይሆንም፣ ነገር ግን ተራ አስርዮሽ ቁጥር ይሆናል፤ በ2020 «5.20» ሲጻፍ መጨረሻ ያለው ዜሮ ይወድቅና «5.2» ይቀራል። አዲስ ባዶ ገጽ ላይ እየጻፍን ያየነው ስለሆነ ክርክር አልተነሣም።

የተስማማንበት ዓመቱን አስቀድሞ ተራ ቁጥሩን በሦስት አኃዝ ማስከተል ነው፤ 16005። ምንም ምልክት የለበትም፣ በዜሮ አይጀምርም፣ በየትኛውም ኮምፒውተር ቀን አይሆንም፤ ሲደረደርም በዓመትና በተራ ይሰለፋል። የተፈረሙት ውሎች ላይ ያለው «5/16» አልተነካም፤ ውል ላይ የተጻፈ ቁጥር አይሰረዝም። መዝገቡ ላይ ሁለት ዓምድ ተደረገ፤ አንዱ የውሉ ላይ ቁጥር፣ አንዱ የመዝገብ ቁጥር። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ያሉት ውሎች ከመነሻቸው በአዲሱ ቅርጽ ተሰጡ።

ይህ የእኛ ብቻ መፍትሔ አይደለም። የዘር ቅንጣት ተመራማሪዎች «ማርች1» እና «ሴፕት1» የሚባሉ የጂን ስሞቻቸውን ኤክሴል ቀን እያደረገባቸው ለዓመታት ተቸግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ጥናት የጂን ዝርዝር በኤክሴል ካያያዙ የምርምር ጽሑፎች አንድ አምስተኛ ያህሉ ላይ የስም ስሕተት አግኝቷል። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2020 የስሞቹ ደንብ አውጪ ኮሚቴ ጂኖቹን «ማርችኤፍ1» እና «ሴፕቲን1» ብሎ ሰየማቸው። ለኮሚቴው ስነግራቸው «እነሱም?» ብለው ሳቁ። አዲሱ ቅርጽ ከዚያ በኋላ ፈጥኖ ጸደቀ።

## ሳይፈለግ የተገኘው፦ የኛ ቀን

የውል ቁጥሩን ስንፈትሽ የክፍያ ቀኑ ዓምድም መታመሙን አየን። ቀኑ የሚጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ቀን/ወር/ዓመት ነው። ከደመወዝ የሚቆረጠው ሁልጊዜ በወሩ መጨረሻ ስለሆነ «30/4/2016» ይላል፤ በአሜሪካው አጻጻፍ ሠላሳኛ ወር ስለሌለ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። በጥሬ ገንዘብ የሚከፈለው ግን በማንኛውም ቀን ይመጣል፤ ቀኑ ከ1 እስከ 12 ከሆነ ወርና ቀኑ ተገላብጦ የፈረንጅ ቀን ይሆናል። ጳጉሜን 5 ቀን 2015 «5/13/2015» ተብሎ ሲጻፍ ሜይ 13 ሆኗል፤ አሥራ ሦስተኛዋ ወር ቀን ሆና አረፈች። አንዱ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ጽሑፍ፣ ግማሹ ቁጥር።

የቅጣት ስሌት በዚህ ላይ ሲቆም ምን እንደሚመጣ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ከመስከረም 5 እስከ መጋቢት 5 ቀን 2016 ድረስ ስድስት ወር፣ 180 ቀን ነው። «5/1/2016» እና «5/7/2016» ተብለው ሲጻፉ ኤክሴል ሜይ 1 እና ሜይ 7 ብሎ ያነባቸዋል፤ ሲቀናነሱ 6 ቀን ይላል። ገንዘብ ያዡ ቀመሩን ስለማያምነው ቅጣትን በጣቱ እየቆጠረ ይሠራ ነበር። አለማመኑ አድኖናል።

እዚህም ያደረግነው ቅርጹን መለወጥ ነው። ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሦስት ዓምድ ተለያዩ። ሦስቱም ተራ ቁጥር ስለሆኑ ኤክሴል የሚለውጠው የለም። አራተኛ ዓምድ ላይ ይህን ስሌት አስቀመጥን፦ ዓመቱ በ365 ይባዛል፤ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ሙሉ ቁጥሩ ብቻ ይደመርበታል፤ ወሩ በ30 ተባዝቶ ይደመራል፤ ቀኑ ይደመራል፤ ከጠቅላላው 691194 ይቀነሳል። የሚወጣው የኤክሴል የራሱ የቀን ቁጥር ነው። ለማረጋገጥ መስከረም 1 ቀን 2016ን እንውሰድ፤ 735840 ሲደመር 504 ሲደመር 30 ሲደመር 1፣ 736375 ነው። 691194 ሲቀነስ 45181 ይቀራል፤ በቀን ቅርጽ ሲታይ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023፣ ትክክለኛው ዕለት። ጳጉሜንም አሥራ ሦስተኛ ወር ሆና በዚሁ ስሌት ትገባለች፣ ስድስት ስትሆንም። ሁለት ቀኖችን መቀናነስ ከዚያ በኋላ ቀላል ነው።

## ለሌሎች የሚተርፈው

በቁጥር/ዓመት የሚሠራ ቢሮ ሁሉ ይህ አደጋ አለበት፤ የደብዳቤ ወጪ ቁጥር፣ የተማሪ መዝገብ፣ የመጋዘን ካርድ። ለመፈተሽ የዓምዱን ስፋት ከፍ አድርጎ ማየት ይበቃል፤ ቅርጹ ሳይነካ ከቆየ ጽሑፍ በግራ፣ ቀንና ቁጥር በቀኝ ጠርዝ ይሰለፋሉ። አንድ ዓምድ ውስጥ ሁለቱም ካሉ ችግሩ አለ።

አዲስ የቁጥር አሰጣጥ ከመጽደቁ በፊት ኤክሴል ውስጥ ይጻፍ፣ በሲኤስቪ ይቀመጥ፣ ተዘግቶ ይከፈት። እንደነበረ ከተመለሰ ይጽደቅ።

ከውጭ የመጣ ፋይል አንድ ቅጂ ሳይከፈት ይቀመጥ። እኛን ያወጣን ደመወዝ ክፍሉ ሌላ ማውጣት መቻሉ ብቻ ነው።

«ደግሜ ስጽፈው ይሠራል» የሚል ሠራተኛ ያለበት ቢሮ ያንን ቃል ርክክብ ላይ ይጻፈው፤ ምክንያቱ ባይታወቅም። የቀድሞው ሠራተኛ አንድ መስመር ጽፎ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤዎቹ አይወጡም ነበር። በእሱ አልፈርድም፤ መሥራቱን እንጂ መሰበሩን እንዲያስረክብ የጠየቀው የለም።

ባለቤቱ ያልታወቀ ገንዘብ የሚቀመጥበት ሒሳብ በየወሩ ይታይ። ቁጥጥር ኮሚቴው ጥር ላይ አይቶት ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአንድ ወር ያልቅ ነበር።

## የቀረው

«ባለቤቱ ያልታወቀ ተቀናሽ» በሚለው ሒሳብ ላይ የነበረው ብር ወደየባለቤቱ ተመልሶ መዝገቡ ከደመወዝ ክፍሉ ድምር ጋር ገጥሟል። ማኅበሩ ለተበዳሪዎቹም ለዋሶቹም ማስጠንቀቂያው መሰረዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፎ፣ ሰብሳቢው ራሳቸው በየክፍሉ እየዞሩ አድለዋል። ከ2014 በፊት ያሉ መዝገቦች ገና አልተፈተሹም፤ እዚያ ዓመቱ 12 እና ከዚያ በታች የሆነባቸው ውሎች ስላሉ በቀመር ሳይሆን በክላሰር፣ ውል በውል መታየት አለባቸው። ሒሳብ ሠራተኛዋ ሥራውን የጀመረችው ከ2012ቱ ክላሰር ነው።